ከጄኔቭ እስከ ስዊዝ፤ የአንቶኒ ኤደን የሕይወት ታሪክ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ የእንግሊዝ መንግሥት ከዓለም የብስ አንድ አራተኛ የሚሆነውን ይገዛ እንደ ነበር ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። ያ ሁሉ ግዛት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ እንዴት ተበትኖ እንደ ቀረ የሚተርኩ ወፍራም ወፍራም መጻሕፍት አሉ። እኛ ግን በዚህ እትም የአንድ ሰው ሕይወት ተከትለን ነገሩን ማየት መርጠናል። እኚህም ሰው ሰር አንቶኒ ኤደን ናቸው። ስማቸው ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም፤ ፋሺስት ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን በጄኔቭ ስለ ወራሪው ቅጣት ከተከራከሩት የውጭ አገር ሰዎች መካከል ስማቸው ቀድሞ ይነሣ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን እኚሁ ሰው ራሳቸው በአንዲት የአፍሪካ አገር ላይ ጦር አዘመቱ፤ ስለ አዘማመታቸውም ለገዛ ምክር ቤታቸው እውነቱን አልተናገሩም። አንድ ሰው ከዚያ ተነሥቶ እዚህ እንዴት ይደርሳል? ይህን ለመረዳት ከልደታቸው እንጀምር። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር ቁጥሩ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ኤደን የተወለዱት ጁን 12 ቀን 1897 በሰሜን እንግሊዝ፣ በደርሃም አውራጃ፣ ዊንድልስቶን በተባለው የቤተሰባቸው ርስት ነው። በአገራችን የዓድዋ ድል ከሆነ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ መሆኑ ነው። እሳቸው በተወለዱ በዐሥረኛው ቀን ንግሥት ቪክቶሪያ የነገሡበት ስድሳኛ ዓመት በሎንዶን ተከበረ፤ ከሕንድም፣ ከአፍሪካም፣ ከካናዳም የመጡ ወታደሮች በከተማይቱ አደባባይ ተሰለፉ። የእንግሊዝ ኃይል ጫፍ ላይ የደረሰበት ቀን እንደ ነበር የታሪክ ጸሓፊዎች ይናገራሉ። ሕፃኑ በእቅፍ ሳለ የታየው ያ ክብር እሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር እስኪሆኑ ድረስ የሚቆይ መስሎ ለማንም ይታይ ነበር።

አባታቸው ሰር ዊልያም የጥንት ባላባት፣ ሥዕል የሚሥሉና የሚሰበስቡ፣ ነገር ግን ቁጣቸው የማይቻል ሰው ነበሩ። ኤደንም ጥበብ መውደዱንና ቁጣውን ሁለቱንም እንደ ወረሱ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። በኢተን ትምህርት ቤት ሳሉ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ታላቅ ወንድማቸው ጆን በ1914 በጦር ግንባር ወደቀ። ታናሽ ወንድማቸው ኒኮላስ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በ1916 በጁትላንድ የባሕር ውጊያ ከመርከቡ ጋር ሰጠመ። በመካከሉም አባታቸው ሞቱ። ኤደን ራሳቸው በእግረኛ ጦር ውስጥ ተዋግተው፣ ቆስሎ የወደቀ የበታች ሹም በጥይት መካከል ገብተው ስላወጡ ሚሊታሪ ክሮስ የተባለውን ኒሻን ተሸለሙ። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የብርጌድ መኮንንነት ማዕርግ በመድረስ በሠራዊቱ ውስጥ በዚያ ሥራ ላይ ከነበሩት ሁሉ ወጣቱ እሳቸው ሆኑ። ጦርነትን በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩ ሰው እንደ ነበሩ ይህን እንያዝ።

ከጦርነቱ በኋላ በኦክስፎርድ የተማሩት ትምህርት ለኋላው ታሪክ የሚያስገርም ነው፤ ፋርስኛና ዐረብኛ አጥንተው በ1922 በከፍተኛ ማዕርግ ተመረቁ። በ1923 የወግ አጥባቂ ፓርቲ እንደራሴ ሆነው ምክር ቤት ገቡ። መልካቸው ያማረ፣ አለባበሳቸው የተመረጠ ስለ ነበር የሚያደርጉት ጥቁር ባርኔጣ ሳይቀር በስማቸው ይጠራ ነበር። በሥራ ግን ልብስ ብቻ አልነበሩም። ሰነድ አንብበው የማይጠግቡ፣ በድርድር የሚታገሡ፣ በቢሮአቸው ግን ቶሎ የሚቆጡ ባለሥልጣን ሆኑ።

ወደ እኛ ነገር የገቡት በ1935 ነው። በዚያ ዓመት ጁን ወር የመንግሥታት ማኅበርን ጉዳይ የሚከታተሉ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙና ወዲያው ወደ ሮማ ተላኩ። ይዘውት የሄዱት ሐሳብ እንዲህ የሚል ነበር፤ እንግሊዝ ከምታስተዳድረው የሶማሌ ምድር የዘይላን ወደብና ወደዚያ የሚያደርስ መተላለፊያ ለኢትዮጵያ ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያም በምትኩ ከኦጋዴን ለጣልያን ትለቃለች። የኢትዮጵያን መሬት ለጣልያን ለማካፈል ሎንዶን ላይ የተመከረ ምክር ስለ ነበር ይህን እንደ ወዳጅነት ብቻ መቁጠር ያስቸግረናል። ሙሶሊኒ ግን የተሰጠውን ናቀ፤ የሚፈልገው አገሪቱን በሙሉ ነበርና። ኤደን ከዚያ ስብሰባ የወጡት ይህ ሰው በቃል እንደማይታሰር ተረድተው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሶሊኒን አምነውት አያውቁም።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ። በጄኔቭ ኤደን ከሌሎቹ መልእክተኞች ይልቅ በርትተው ስለ ማዕቀብ ተከራከሩ፤ ማዕቀቡም በኖቬምበር 18 ቀን 1935 ተጀመረ። ነገር ግን ሁለት ነገሮች ከማዕቀቡ ቀሩ። አንደኛው ነዳጅ ነው። የሙሶሊኒ አውሮፕላንና ካሚዮን ያለ ነዳጅ እንደማይንቀሳቀስ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ነዳጅ አልተከለከለም። ሁለተኛው የስዊዝ ቦይ ነው። የጣልያን ወታደርና ጥይት፣ በኋላም የመርዙ ጋዝ፣ በዚሁ ቦይ አልፎ ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። በግብጽ የእንግሊዝ ጦር ሰፍሮ ቦዩን ይጠብቅ ነበር፤ ከቦዩ ኩባንያ ድርሻ ውስጥም 44 ከመቶ የእንግሊዝ መንግሥት ነበር። መርከቦቹ የማለፊያቸውን ዋጋ እየከፈሉ አለፉ። ምክንያት ሆኖ የሚቀርበው ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ለሁሉ ክፍት ይሁን የሚለው የ1888 የቁስጥንጥንያ ውል ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ሎንዶንና ፓሪስ ከሙሶሊኒ ጋር ጦርነት መግጠም አለመፈለጋቸው ነበር። ይህን ቦይና ይህን ነዳጅ አንባቢ አይርሳብን፤ ኋላ ተመልሰው ይመጣሉ።

በዲሴምበር የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሰር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ላቫል በፓሪስ ተገናኝተው የኢትዮጵያን ታላቅ ክፍል ለጣልያን የሚሰጥ ዕቅድ አወጡ። ዕቅዱ በፓሪስ ጋዜጦች ሾልኮ ወጣ። የእንግሊዝ ሕዝብ እጅግ ተቆጣ፤ ለእንደራሴዎቹም የደብዳቤ መዓት ጻፈ። ሆር ሥራቸውን ለቀቁና በቦታቸው ኤደን ተተኩ። ዕድሜያቸው 38 ዓመት ብቻ ነበር። በአዲስ አበባም በጄኔቭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ይህን ሹመት እንደ መልካም ዜና ቆጠሩት።

ሆኖም የሆነውን ሁሉ እንናገር ካልን ይህም መነገር አለበት። አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ከተያዘች በኋላ፣ ማዕቀቡ ይነሣ ዘንድ መንግሥታቸው መወሰኑን ጁን 18 ቀን 1936 ለምክር ቤቱ ቆመው ያስታወቁት ኤደን ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን ያሰሙት ከዚህ በኋላ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነበር። ኤደን በልባቸው ምን እንዳዘኑ እንጃ፤ በእጃቸው ያለፈው ሥራ ግን ይህ ነው። ስለ እሳቸው ስንወያይ ከመካከላችን ገሚሱ ከሌሎቹ እንግሊዞች ይሻሉ ነበር ሲል ገሚሱ ደግሞ መሻል ብቻውን ምን አደረገልን ብሏል። ሁለቱም ወገን የሚለው አለው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ስማቸውን ያስከበረ ሥራ ሠሩ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርሌን ከሙሶሊኒ ጋር ለመታረቅ፣ የኢትዮጵያንም ወረራ በሕግ ለማወቅ ፈለጉ። ኤደን ጣልያን አስቀድማ ከስፔን ጦርነት እጇን ሳትሰበስብና ቃሏን ሳትፈጽም ድርድር አይገባም አሉ። ቼምበርሌን እሺ ስላላሉ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1938 ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በፖለቲካ ዓለም ሰው ወንበሩን በፈቃዱ ሲተው እምብዛም አይታይምና ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የእንግሊዝ መንግሥት የጣልያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ዐወቀ። በሚቀጥለው ዓመት ሂትለር ጦርነቱን ሲጀምር፣ በአምባገነኖች ላይ አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ማን ነበር ሲባል የኤደን ስም ከቸርችል ስም ጋር አብሮ ይጠራ ጀመር። እንደ እኛ አስተያየት የኋላው ጥፋት ዘር የተዘራው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሁሉ ሲሳሳት እውነቱን ያየ ሰው ያን አንድ እውነት በመጣው ነገር ሁሉ ላይ ሲያይ ይኖራልና።

ጦርነቱ ሲመጣ ቸርችል በሜይ 1940 የጦር ሚኒስትር አደረጓቸው። በኦክቶበር መጨረሻ ወደ ካርቱም በረሩ። በዚያ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ወደ አገራቸው ለመግባት መሣሪያና እርዳታ እየጠየቁ፣ ከሱዳን ባለሥልጣኖችም መጓተት እየገጠማቸው ይጠባበቁ ነበር። ኤደን ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኝተው፣ ከጄኔራል ዌቭል ጋርም ሆነው የኢትዮጵያ አርበኞች እርዳታ በርትቶ እንዲቀጥል አደረጉ። ከዚህ ስብሰባ በኋላ ነው ዊንጌት ወደ ካርቱም የተላከው። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1941፣ እንደ ገና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው፣ መንግሥታቸው የኢትዮጵያን ነጻነት መመለስ በደስታ እንደሚቀበልና የንጉሠ ነገሥቱንም የዙፋን መብት እንደሚያውቅ በምክር ቤቱ አስታወቁ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም ጃንሆይ አዲስ አበባ ገቡ።

በዚህም ላይ ተጨማሪ ቃል አለብን። ያው መግለጫ ስለ ውጭ እርዳታና ምክር የሚናገር ሐረግ ነበረበት፤ ሐረጉም ባዶ አልነበረም። በጃንዋሪ 1942 የተፈረመው ውል ለእንግሊዝ አማካሪዎች፣ ለእንግሊዝ አምባሳደርም ከሌሎች በላይ የሆነ መብት ሰጠ፤ ኦጋዴንና ሌላም የተከለለ ቀበሌ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀረ። ውሉ በዲሴምበር 1944 ተሻሽሎ ብዙው መብት ተመለሰ፤ ኦጋዴን በአብዛኛው በ1948 ተለቀቀ። ስለ ሐውድ የተፈረመው ውል ኖቬምበር 29 ቀን 1954 ሎንዶን ላይ ሲፈረም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ አሁንም ኤደን ነበሩ። ነጻ ያወጣ እጅ ለመልቀቅ ሲዘገይ አገራችን በዓይኗ አይታለች።

ጦርነቱ እንግሊዝን አሸናፊ አድርጎ ድኻ አደረጋት። በ1946 ከአሜሪካ 3 ቢሊዮን ከ750 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች። በ1947 ሕንድንና ፓኪስታንን፣ በ1948 በርማንና ሲሎንን ለቀቀች፤ ከፍልስጥኤምም ወጣች። ኤደን በዚህ ጊዜ ከሥልጣን ውጭ ነበሩ፤ ፓርቲያቸው በ1945 ምርጫ ተሸንፎ ነበርና። ለእሳቸው ያ ዓመት ከምርጫው የከፋ ሐዘን ነበረበት። የበኵር ልጃቸው ሲሞን የአየር ኃይል አባል ሆኖ በበርማ ሞተ። ሃያ ዓመቱ ነበር። ትዳራቸውም ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ፤ በ1952 የቸርችልን የወንድም ልጅ ክላሪሳን አገቡ።

ቸርችል ወራሼ ኤደን ነው ብለው ካሳወቁ ብዙ ዓመት ቢሆንም ወንበሩን ግን ሰማንያ ዓመት እስኪሞላቸው አልለቀቁም። በመካከሉ በኤፕሪል 1953 ኤደን ለሐሞት ጠጠር ሎንዶን ላይ ኦፕራሲዮን ሲደረግላቸው የሐሞት ቧንቧቸው ተቈረጠ። ሞት አፋፍ ደርሰው አሜሪካ፣ ቦስተን ውስጥ በተደረገ ሌላ ኦፕራሲዮን ተረፉ፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ትኩሳቱና ሕመሙ እየተመላለሰ ኖረ። የማነቃቂያና የማስታገሻ መድኃኒት የዘወትር ስንቃቸው ሆነ። ይህን የምንለው ለሠሩት ሥራ ማመካኛ ይሁናቸው ብለን አይደለም።

እንዲህም ሆነው በ1954 የሠሩት ሥራ የሚደነቅ ነው። በጄኔቭ ጉባኤ የፈረንሳይ የኢንዶቻይና ጦርነት እንዲያበቃ ካደረጉት መካከል ዋናው ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ በራሳቸው ፓርቲ ውስጥ ብዙ እየተወቀሱ፣ የእንግሊዝ ጦር በ20 ወር ውስጥ ከስዊዝ ቦይ ጦር ሠፈር እንዲወጣ ከግብጽ ጋር ስምምነት ተደረገ። በፌብሩዋሪ 1955 ካይሮ ላይ ጋማል አብደል ናስርን አግኝተው በኦክስፎርድ በተማሩት ዐረብኛ አነጋገሯቸው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። በኤፕሪል 1955 ኤደን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በሜይ ምርጫ አሸነፉ። ሱዳን ጃንዋሪ 1 ቀን 1956 ነጻ ወጣች። የመጨረሻው የእንግሊዝ ወታደር በጁን 1956 ከቦዩ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ያየ ሰው ኤደን ግዛቱን በጸጥታ የሚያሰናብቱ አስተዋይ ሽማግሌ ናቸው ቢል አይፈረድበትም ነበር።

ጁላይ 26 ቀን 1956 ማታ ኤደን በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቤት ለኢራቁ ንጉሥ ፈይሰልና ለጠቅላይ ሚኒስትራቸው ለኑሪ አስ-ሰኢድ ግብር እያበሉ ሳሉ ወሬው ደረሰ። አሜሪካና እንግሊዝ ለአስዋን ግድብ ሊሰጡት የነበረውን ገንዘብ ከሳምንት በፊት ከልክለው ነበርና ናስር በአሌክሳንድሪያ አደባባይ ንግግር እያደረጉ የቦዩን ኩባንያ የግብጽ ንብረት አደረጉት። በንግግራቸው መካከል ቦዩን የቈፈረውን የፈረንሳዊውን የደ ሌሴፕስን ስም ሲጠሩ ለሰዎቻቸው ምልክት ነበር፤ በዚያች ሰዓት የኩባንያው መሥሪያ ቤቶች ተያዙ። ባለ ድርሻዎቹ ዋጋቸው እንደሚከፈላቸው ታወጀ። ኩባንያው የተሰጠው ዘመንም ቢሆን በ1968 የሚያበቃ ነበር። ይሁን እንጂ የምዕራብ አውሮፓ ነዳጅ አብዛኛው የሚያልፈው በዚያ ነበርና የኤደን ድንጋጤ ከንቱ ነበር አንልም።

ጥፋቱ ያለው ኤደን በናስር ፊት ላይ ሙሶሊኒን ማየታቸው ላይ ነው። በ1935 ቶሎ አልቀጣነውም፤ አሁን ቶሎ እንቅጣ አሉ። ነገር ግን ሙሶሊኒ የሌላውን አገር የወረረ ሲሆን ናስር በገዛ አገራቸው መሬት ውስጥ ያለውን ቦይ ነው የያዙት። በ1935 የመንግሥታት ማኅበር ከኤደን ጋር ነበር፤ በ1956 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከእሳቸው ጋር አልነበረም። በዚያ ላይ ቦዩ ያለ አውሮፓውያን አይሠራም ተብሎ ሲነገር፣ በሴፕቴምበር የውጭ አገር መሪዎች መርከብ መምራቱን ትተው ሲሄዱ፣ የግብጽ ሰዎች መርከቦቹን አንድ በአንድ ማሳለፋቸውን ቀጠሉ።

በኦገስት 22 መንግሥታት ሎንዶን ላይ ተሰብስበው ነበር፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ቦዩ በዓለም አቀፍ ቦርድ ይተዳደር የሚለውን ሐሳብ ከደገፉት 18 መንግሥታት መካከልም ሆነች። ሐሳቡን ለናስር እንዲያቀርቡ ከተመረጡት አምስት አገሮች፣ ማለት ከአውስትራሊያ፣ ከአሜሪካ፣ ከስዊድን፣ ከኢራንና ከኢትዮጵያ የመጡት መልእክተኞች በሴፕቴምበር መጀመሪያ ካይሮ ሲገቡ የእኛ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ አብረው ነበሩ። ናስር ሐሳቡን አልተቀበሉም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወርም በጦር መጠቀም እንደማይደግፉ ለኤደን ደጋግመው ጽፈዋል።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በጨለማ የተሠራ ነው። ከኦክቶበር 22 እስከ 24 በፓሪስ አጠገብ በሴቭር መንደር፣ በአንድ የግል ቤት ውስጥ፣ የፈረንሳይ፣ የእስራኤልና የእንግሊዝ ሰዎች በምሥጢር ተገናኙ። የተስማሙበትም ይህ ነው፤ እስራኤል ግብጽን ትወጋለች፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ምንም እንዳላወቁ ሆነው ሁለቱ ወገኖች ከቦዩ ይራቁ ብለው ያዝዛሉ፤ ግብጽ እንቢ ስትል አስታራቂ መስለው ይገባሉ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ስምምነቱን በወረቀት ላይ ፈርሞ ሲመለስ ኤደን ደነገጡ። በጽሑፍ እንዲቀር አልፈለጉም ነበርና ሌሎቹም ቅጂዎቻቸውን እንዲያጠፉ ለመለመን ሰው መልሰው ወደ ፓሪስ ላኩ። የተላኩት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። የእንግሊዙ ቅጂ ተቃጠለ።

ነገሩ እንደ ተመከረው ሆነ። እስራኤል ኦክቶበር 29 ሲናን ወረረች። በማግሥቱ የ12 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ተሰጠ። ኦክቶበር 31 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የግብጽን የአየር ማረፊያዎች ደበደቡ፤ ኖቬምበር 5 ወታደሮች በፓራሹት ፖርት ሳይድ ወረዱ። ቦዩን ክፍት ለማድረግ ተባለ፤ ግብጾች ግን መርከቦች በውስጡ አስጥመው ዘጉት። በፖርት ሳይድ በመቶ የሚቆጠሩ ግብጻውያን ሞቱ፤ ከእንግሊዝ 16፣ ከፈረንሳይ 10 ወታደሮች ወደቁ። በእንግሊዝ አገር ውስጥ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ። በትራፋልጋር አደባባይ ሕዝብ ተሰልፎ ተቃወመ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸር በጌቶች ምክር ቤት ተነሥተው መንግሥቱን አጥብቀው ጠየቁ። የኤደን የቅርብ ተማሪና ደጋፊ የነበሩት ሚኒስትር አንቶኒ ነቲንግ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ጌታቸው በ1938 እንዳደረጉት ማለት ነው።

በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት እንግሊዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የመሻር ድምፅዋን ተጠቀመች። በጠቅላላው ጉባኤ ግን ኖቬምበር 2 ቀን 64 መንግሥታት ተኩስ ይቁም ሲሉ፣ የተቃወሙት እንግሊዝን ጨምሮ አምስት ብቻ ሆኑ። ካናዳ እንኳ ከእናት አገሯ ጋር አልቆመችም፤ ሚኒስትሯ ሌስተር ፒርሰን የሰላም አስከባሪ ጦር ሐሳብ አቅርበው በሚከተለው ዓመት የኖቤል ሽልማት አገኙ። በዚያው ሳምንት የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስት ሲገቡ ምዕራባውያን የሚናገሩበት አፍ አጡ።

ኤደንን የጣለው ግን ጥይት አይደለም፤ ገንዘብና ነዳጅ ነው። የእንግሊዝ ፓውንድ በገበያ ወደቀ። ፓውንዱን ለመደገፍ የአሜሪካ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ አሜሪካም ተኩስ ካልቆመና ጦሩ ካልወጣ ብድር የለም አለች። ቦዩ ተዘግቷል፤ በሶርያ የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧም ተበጥሷል፤ ከአሜሪካ የሚመጣ ነዳጅ ቢጠየቅ ጦሩ ይውጣ የሚል መልስ ተሰጠ። በ1935 በሙሶሊኒ ላይ ያልተፈጸመው የነዳጅ ክልከላ በ1956 በኤደን ላይ ተፈጸመ ማለት ነው። አስቀድመው ጦርነቱን በጣም ሲደግፉ የነበሩት የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ማክሚላን አሁን ይቁም ከሚሉት ቀዳሚው ሆኑ። ኖቬምበር 6 እኩለ ሌሊት ላይ ተኩሱ ቆመ። ወታደሮቹ የቦዩን ሩብ ያህል ብቻ ይዘው ነበር።

ኤደን ታመሙና በኖቬምበር መጨረሻ ለማረፍ ጃማይካ ሄዱ። አገራቸው ነዳጅ በኩፖን ለመስጠት ስትዘጋጅ እሳቸው በሞቃት ደሴት መሆናቸው ወዳጆቻቸውን እንኳ አሳፈረ። ተመልሰው ዲሴምበር 20 በምክር ቤቱ ተጠየቁ። እስራኤል ግብጽን እንደምትወጋ አስቀድሞ ማወቅ አልነበረም ብለው መለሱ። በ1938 ቃል ሲፈርስ ዝም ብዬ አላይም ብለው ወንበራቸውን የተዉ ሰው በዚያው ምክር ቤት ውስጥ ቆመው ይህን ተናገሩ። የመጨረሻው የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደር ከሁለት ቀን በኋላ ከፖርት ሳይድ ወጣ። ጃንዋሪ 9 ቀን 1957 ሐኪሞቻቸው ከዚህ በላይ መሥራት እንደማይችሉ ስላስታወቁ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በማግሥቱ ማክሚላን ተተኩ።

እንግሊዝ ያለ አሜሪካ ፈቃድ ጦርነት መክፈት እንደማትችል ከዚያ ወዲያ ለማንም ግልጽ ሆነ። ጋና በማርች 1957፣ ማላያ በኦገስት ነጻ ወጡ፤ እነዚህ ከስዊዝ በፊት የታቀዱ ነበሩ። ሌላው ግን ፈጠነ። ናይጄሪያ በ1960፣ ታንጋኒካ በ1961፣ ዩጋንዳ በ1962፣ ኬንያ በ1963 ባንዲራቸውን ሰቀሉ። ግዛቱን ያፈረሰው ስዊዝ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ አይመስለንም። ዕዳው፣ የሕንድ መውጣት፣ ከሁሉም በላይ የየአገሩ ሕዝብ ትግል ቀድሞ ሠርቶ ነበር። ስዊዝ ያደረገው ነገር ውስጡ የተበላውን ምሰሶ ሁሉም እንዲያየው ማድረግ ነው።

ኤደን ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖሩ። በ1961 የኤቨን ጌታ የሚል ማዕርግ ተሰጣቸው። ሕይወታቸውን በሦስት ታላላቅ መጻሕፍት ጻፉ፤ ስለ ሴቭር ግን በአንዱም አልተናገሩም። በ1976 ያሳተሙት ስለ ልጅነታቸውና ስለ መጀመሪያው ጦርነት የሚናገረው ትንሽ መጽሐፍ ከሁሉ ይልቅ የተወደደላቸው ነው፤ የሞቱት ወንድሞቻቸው በውስጡ አሉ። በዚያው ክረምት በአሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ሳሉ ሕመሙ ጸናባቸው፤ የሌላው ፓርቲ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄምስ ካላሃን የአየር ኃይል አውሮፕላን ልከው በአገራቸው እንዲሞቱ አስመጧቸው። ጃንዋሪ 14 ቀን 1977 በዊልትሸር አውራጃ በአልቬዲስተን ዐረፉ፤ በመንደሩም ቤተ ክርስቲያን አጸድ ተቀበሩ።

የሴቭሩን ውል እንግሊዞች ያቃጠሉት የራሳቸውን ቅጂ ብቻ ነበር። እስራኤሎች የደረሳቸውን አስቀምጠውት ኖረው በ1996፣ ልክ በአርባኛው ዓመት፣ ፊርማው እንዳለ ለሕዝብ ታየ።